ነፋሱ የተገለበጠበት በጋ

ሰኞ 3

የሰባት ዓመት ሥራዬ ዛሬ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ባለቤት ቀየረ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የደን ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ መድረክ ላይ ወጣ። በሆዴ ክራባት ነው የምለው፤ በዚህ ሙቀት እንኳ አንገቱን አያላላም። «እኔና ቡድኔ ያዘጋጀነው ሲስተም» ብሎ ጀመረ። ቡድኑን ባየሁት ደስ ባለኝ! ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔና ከአንድ የተሰበረ ማራገቢያ በቀር ማንም አልነበረም። እኔ ጥግ ላይ ኮምፒውተሩ ሥር ተቀምጬ፣ «እስቲ ቀጣዩን አሳዪን» ባለ ቁጥር ስዕል እቀይርለታለሁ። የሲስተሙን መመሪያ ሲያድሉ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። የእሱ ስም፣ ከሥሩ የምክትሉ ስም፣ ከዚያ ባዶ ወረቀት።

ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ይህቺን ጭብጨባዬን ለራሴ ይቅር አልልም።

ማክሰኞ 4

ሌላ ቦታ ስሜ ስለሌለ እዚህ ልጻፈው።

ደኑን በአራት መቶ አሥራ ሁለት ክፍል የከፋፈልኩት እኔ ነኝ። የዛፎቹን ዕድሜና ቁመት፣ የመሬቱን ተዳፋት በእግሬ ዞሬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ደን ሦስት ጠላት አለው፦ እሳት፣ ዐውሎ ነፋስና ቅርፊት በል ጢንዚዛ። መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንድ ሺህ በጋ በሐሳቡ ይኖራል። በአንዱ በጋ እሳት ይለቃል፣ በሌላው ነፋስ፣ በሌላው ምንም። ከዚያ ሁሉ ተመልሶ «ይሄን ክፍል ዘንድሮ አሳሱት፣ ያኛውን ቁረጡት፣ የእሳት መከላከያ መስመር እዚህ ክፈቱ፣ ሠራተኞቹ እዚያ ይስፈሩ» ይላል።

ክራባትን ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳኝ ብዬ ብጠይቀው ላብ በላብ ይሆናል። አንድ ቀን በሰው ፊት እለዋለሁ። ሰው በሞላበት፣ እኔ ደግሞ ቆሜ።

ሐሙስ 6

ጠራኝ። «ደክሞሻል» አለኝ፣ እንደ አዛኝ አንገቱን ዘንበል አድርጎ።

«እኔ?»

«ፊትሽ ላይ ይታያል እኮ። ትንሽ ጊዜ መዝገብ ቤት ብትቆዪ ምን ይመስልሻል? ጸጥ ያለ ነው።»

«ሲስተሙንስ ማን ሊይዘው ነው?»

«ሲስተሙ እንግዲህ በራሱ ይሄዳል።»

በራሱ ይሄዳል! እግር ያወጣ ሕፃን መሰለው። ከሰዓት በኋላ የይለፍ ቃሌን ዘጉት። ሳጥኔን ተሸክሜ ስወርድ የካርታ ሠራተኛዋ ደረጃው ላይ አገኘችኝና ሳጥኑን በአንድ ጎን ያዘችልኝ። እዚህ ቤት ያለችኝ ወዳጅ እሷ ብቻ ናት። «ምን አደረግሽው?» አለችኝ። «ሠራሁለት» አልኳት።

ሰኞ 10

መዝገብ ቤት። ምድር ቤት ነው፣ መስኮቱ ከሰው ቁርጭምጭሚት እኩል። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ። የቀን ማህተም፣ ጧ። ተራ ቁጥር፣ ፊርማ። እንደገና ጧ። የክራባትን ጫማ ከሌላው ጫማ ለይቼ ማወቅ ጀምሬያለሁ። ሲያልፍ ማህተሙን ጠበቅ አድርጌ እመታለሁ።

ረቡዕ 12

እጄ ገባ!

ዛሬ የዘንድሮው የደን ሥራ ዕቅድ ሙሉ ሕትመት ለመዝገብ ወረደልኝ። አብሮት ክራባት በቅርቡ ያስተከለው የአዲሱ ነፋስ መለኪያ ፋይልና የመሣሪያው መግለጫ ወረቀት አለ። ሥራ ፈትቼ መግለጫውን ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። አዲሱ መሣሪያ የሚመዘግበው ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። የእኔ ፕሮግራም የሚጠይቀው ከየት እንደሚመጣ ነው። ማንም አልገለበጠውም። እንዳለ አጉርሰውታል።

የበጋው ነፋስ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ፕሮግራሙ ግን አሁን ከምዕራብ ይመጣል ብሎ ያምናል። ሺሁንም በጋ የኖረው ተገልብጦ ነው። መስመሩን ያስከፈተው በማያስፈልገው በኩል፣ እንዳይነኩ ያላቸው ዛፎች መጀመሪያ መነሳት የነበረባቸው ናቸው። በምዕራብ ያለውን ጎድጓዳ የእሳቱ ጀርባ ነው ይለዋል። ጎድጓዳው የእሳቱ አፍ ነው።

ብቻዬን ሳቅኩ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት። እንዲህ ያለ ስጦታ በእጁ ይሰጠኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሐሙስ 13

ለቦርዱ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። የፋይሉን ሕትመትና መግለጫውን አያያዝኩበት። መዝገቡ ላይ «ስለ ነፋስ አቅጣጫ ስሕተት፣ ለቦርድ» ብዬ ቁጥር ሰጠሁት፣ የቀን ማህተም መታሁበትና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት።

ለምን ዛሬ አልሰጠሁም? ዛሬ ብሰጥ ክራባት ያስተካክለዋል፤ «ቡድኔ ስሕተቱን በጊዜ አገኘው» ብሎ እንደገና ይጨበጨብለታል። ቦርዱ በ27 ይመጣል። ያን ቀን ካርታውን ግድግዳ ላይ ሲሰቅል እነሳለሁ። ሁለት ሳምንት ምን አላት? ነፋሱ ገና አልጀመረም። ሙቀቱም ያን ያህል አይደለም።

እሑድ 16

ወንድሜ ምሳ መጣ። ወንድም ጋሼ ነው የምለው፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ የዛፍ ቆራጮቹ ቡድን አለቃ ነው። ከእማዬ ጋር የምንኖርበት ቤት ሲገባ የእንጨት ሙጫ ሽታ ቀድሞት ይገባል። እማዬ ሳህኑን ደጋግማ ትሞላለታለች፤ እሱ ደግሞ «እማዬ፣ ዛፍ ልቆርጥ እንጂ ልሸከም አይደለም እኮ የምሄደው» ይላታል።

«ዘንድሮ የት ናችሁ?» አልኩት።

«ጎድጓዳው። ካምፓችን እዚያ ነው። የአንቺ ኮምፒውተር ነው አሉ የመረጠልን።» ኩራት ነበረው ድምፁ። «ለልጆቹ ሁሉ ነገርኳቸው፤ እህቴ የሠራችው ነው፣ ተኝታችሁ እደሩ አልኳቸው።»

ውሃ ጠጣሁ።

«ምነው ዝም አልሽ እታለም?»

«ሞቆኝ ነው።»

ነገ እደውልለታለሁ። ብነግረው ግን ቀጥ ብሎ ክራባት ቢሮ ነው የሚሄደው፤ ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም። ያኔ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ደግሞ እሱ ሃያ ዓመት ጫካ የኖረ ሰው ነው፣ ነፋስ ያውቃል። የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው።

ሰኞ 17

ስልኩ አይጠራም። ጎድጓዳው ውስጥ ኔትወርክ የለም ለካ። የሬዲዮ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አልወጣሁም።

ማክሰኞ 18

የካርታ ሠራተኛዋ ካርታዋን ጠቅልላ ወረደች። «እስቲ እዪልኝ። ይሄ የነፋሱ ቀስት ተገልብጦ አይደለም እንዴ?»

ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። «እኔ እኮ መዝገብ ቤት ነኝ» አልኳት።

«ታውቂዋለሽ ብዬ ነው።»

«የሚመለከተውን ጠይቂ።»

ጠየቀችው። ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። «‘ሥራሽ መሳል ነው፣ ማሰብ አይደለም’ አለኝ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ይህንንም ለ27 አስቀመጥኩለት። በሒሳቡ ላይ ይደመርበታል።

እሷን ግን ለምን እንደዚያ መለስኳት?

ቅዳሜ 22

መስታወት ፊት ተለማመድኩ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።» በጣም ቁጡ ሆነ። እንደገና፣ ለስለስ አድርጌ። «ኃላፊው እንዲያስረዱን የምፈልገው ነገር ቢኖር...» ይሻላል። እሱ ወደ ካርታው ይዞራል፣ ቀስቱን ያያል፣ አፉን ይከፍታል። ያን ፊቱን አሥር ጊዜ አየሁት። አሥሩንም ጊዜ ጣፈጠኝ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ከማን ጋር ነው የምትጣይው?»

«ከማንም።»

«ከማንም ጋር የተጣላ ሰው እንዲህ አይገረጣም» ብላ ሄደች።

ሰኞ 24

ነፋስ ተነሳ። ከምሥራቅ። ቀኑን ሙሉ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ሲንኳኳ ዋለ።

ሦስት ቀን ብቻ። ሦስት ቀን።

ማክሰኞ 25

4፡20። የእሳት መጠበቂያ ማማው ጠባቂ ምሥራቁ ሸንተረር ላይ ጭስ አየሁ ብሏል። ደረጃው ላይ ሰው ይሮጣል።

4፡35። ሬዲዮ ክፍል ወጣሁ። አናስገባሽም አሉኝ። ገባሁ።

ረቡዕ 26

ትናንት የሆነውን ልጻፈው።

ስገባ ክራባት ማይክራፎኑን ይዞ ቆሟል፤ ምክትሉ ከጎኑ። «ባላችሁበት ቆዩ፣ ጎድጓዳው አስተማማኝ ነው፣ ሲስተሙ...» ይላል። በሬዲዮው ውስጥ የወንድሜ ድምፅ፦ «ጌታዬ፣ ጭሱ ወደኛ ነው የሚመጣው!» ማይክራፎኑን ከእጁ ነጠቅኩት። ትከሻዬን ያዘኝ፤ በክርኔ ደረቱን ገፋሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ውጡ ከዚያ!»

«እታለም? ወደ መንገዱ እየወጣን ነው።»

«አይሆንም! መንገዱ ሸንተረሩ ላይ ነው፣ እሳቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ወንዙን ይዛችሁ ውረዱ። ክፍል ሰማንያ ስምንት። አምና ጢንዚዛ በልቶት ጠርጋችሁ ያወጣችሁት። መሬቱ ራቁቱን ነው፣ የሚቃጠል ነገር የለውም።»

«ርቀቱስ?»

«ስምንት መቶ ሜትር። ሩጡ።»

ካርታ አላየሁም። ሺሁን በጋ በቃሌ ነበር የማውቀው። ከዚያ ሬዲዮው ዝም አለ። አርባ ደቂቃ። ክራባት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ እንኳ አንዴ ዞር ብዬ ፊቱን አይቼዋለሁ። ያ የጠበቅኩት ፊት ነበር።

«ደርሰናል» አለ ወንድሜ። ከዚያ፣ ሳል። ከዚያ፣ «አጎቴ ቀርተዋል።»

አጎቴ የሚሏቸው የካምፑ ምግብ አብሳይ ናቸው። ጉልበታቸው ያማቸው ነበር። ወንድሜ ግማሹን መንገድ አዝሏቸው ሮጧል። «አውርደኝ፣ ልጆቹን ያዝ» ብለው ከጀርባው ላይ ራሳቸው ተንሸራተው ወረዱ አሉ። አሥራ አራት ሰው ወጣ። እሳቸውን ጭሱ ጨረሳቸው።

ዓርብ 28

ቀበርናቸው። የአጎቴ ባለቤት እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «በሬዲዮ ያወጣሻቸው አንቺ ነሽ አሉ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ የሌላውን እናት ከለቅሶ አድነሻል» አሉኝ። ከኋላ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዱ ቆራጭ ግንባሬን ሳመኝ።

እጄን እንዴት እንዳወጣሁ አላውቅም። ቤት ገብቼ ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ሰኞ 1

የቦርዱ ስብሰባ ቀርቶ በምትኩ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ክራባት በሁለት ቀን ውስጥ የኮምፒውተሩን ፋይል አስቀይሯል። አሁን ነፋሱ ሁሉ ትክክል ነው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ሆነ? የካርታ ሠራተኛዋ። ቀስቱን ገልብጣ የሳለችው እሷ ናት ተባለ። ዛሬ መታወቂያዋን አስረክባ ወጣች። በመስኮቴ ጫማዋን አየሁት፤ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲሄድ።

ፋይሉ እንዴት እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ማክሰኞ 2

ክራባት ራሱ ወረደ። ወደ መዝገብ ቤት ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ክራባቱን አላልቶታል።

«ያ ሕትመት ለእርማት ይመለስልኝ» አለ።

«የመዝገብ ሰነድ አይመለስም ጌታዬ።»

መዝገቡን ወደ ራሱ አዞረና በጣቱ ወደ ታች ወረደ። ጣቱ ቆመ። አነበበው። በሩን ዘጋ።

«መቼም ሞኝ አይደለሽም። ስምሽን እመልሰዋለሁ። መመሪያው እንደገና ይታተማል፣ አንቺ አንደኛ ትሆኛለሽ። የዕቅድ ክፍሉን ትመሪዋለሽ። ይቺን የመዝገብ ገጽ፣ ሕትመቱንና ደብዳቤሽን ብቻ ስጪኝ።»

«ካልሆነስ?»

«ቀኑን አይተሽዋል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። የተቆጣም አይመስልም። «እኔ አላወቅኩም። ደንቆሮ ነበርኩ በይ፣ እሺ። አንቺ ግን በ13 ታውቂ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን። እኔን ብቻ ቀብረሽ የምትመለሺ እንዳይመስልሽ።»

ሲወጣ በሩን ክፍት ትቶት ሄደ።

ጥሩ አድርጎ ነገረኝ። ይህን ቁጥር ከእሑዱ ምሳ ጀምሮ እንዳልቆጥረው ስሸሸው ነበር፤ ከእሱ አፍ ልስማው?

ረቡዕ 3

የመዝገቡን ገጽ ይዤው ዋልኩ። ቢቀደድ ድምፁ ምን ያህል ነው? ምንም። ከዚያ ስሜ ሽፋኑ ላይ ይሆናል። ወንድሜ በየካምፑ ያወራልኛል። የአጎቴ ባለቤት ይመርቁኛል።

እሱ ግን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በየጠዋቱ ሰላም ይለኛል። አንድ ምስጢር የያዝን ሁለት ሰዎች እንሆናለን፣ እንደ ባልና ሚስት። ገጹን መልሼ መሳቢያው ውስጥ ቆለፍኩት።

ሐሙስ 4

ሰጠሁ።

ለእውነት ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። ለካርታ ሠራተኛዋ ብዬ ነው ብል ግማሽ ውሸት ነው። ክራባት ኮሚቴው ፊት ሲቀመጥ እግሩን አነባብሮ ነበር። ደብዳቤውን፣ ሕትመቱንና መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ እሱን «ይህ ፋይል በእርስዎ ፊርማ ነው የገባው?» አሉት። እግሩን አወረደ። አፉን ከፈተ። ጣፈጠኝ? አዎ፣ ጣፈጠኝ። ልክ ከአንገቱ በላይ እስኪገረጣ ድረስ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ቀኑ 13 ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«እስከ 25 ለምን ያዙት?»

መስታወት ፊት ያልተለማመድኩት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር።

«በ27 በሰው ፊት ላዋርደው ፈልጌ» አልኩ።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሳና ቀና ብሎ አየኝ። «እንደዚያው ልጻፈው?» «እንደዚያው ጻፈው።»

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም የእግድ ደብዳቤ ደረሰን። የካርታ ሠራተኛዋን መልሰው ጠርተዋታል። ኮሪደሩ ላይ ከእሱ ጋር ተገጣጠምን። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሳጥን ይዘናል። «ደስ አለሽ?» አለኝ። አልፌው ወረድኩ።

ዓርብ 5

የካርታ ሠራተኛዋ ደወለች። «አመሰግናለሁ ልልሽ ነበር» አለች። ከዚያ፣ «ቀስቱን ሳሳይሽ ታውቂ ነበር አይደል?» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። ስልኩን ስትዘጋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ።

እሑድ 7

ወንድም ጋሼ መጣ። የተቃጠለው እጁ አሁንም በፋሻ ነው። አልተቀመጠም።

«ቢሮ ጠርተው ቃልሽን አነበቡልኝ» አለ። «እኔ ደግሞ ከአንቺ ልስማው ብዬ ነው። እዚህ ምሳ ስንበላ፣ ጎድጓዳው ነን ስልሽ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሞቆኝ ነው አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ለልጆቹ ተኝታችሁ እደሩ ብዬአቸው ነበር እኮ።» ድምፁ ተሰበረ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፣ አባታችን ሲሞት እንኳ። «በጀርባዬ ላይ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። ለአንድ ሰውዬ ውርደት ብለሽ?»

ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ጤነኛ እጁን አነሳ። «አሁን አይደለም። አሁን ብትይኝ እሺ የምል ይመስለኛል፣ እሺ ማለት አልፈልግም።»

ከጓዳ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«እማዬ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ሰው ሁሉ ሲያመሰግነኝ ነው የሰማችው።»

«ከጎረቤት አትስማ።» በሩን ያዘ። «ትነግሪያታለሽ? ወይስ እኔ ልንገራት?»

«እኔ።»

ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። እማዬ ሦስት ሳህን ይዛ መጣችና ዙሪያዋን አየች። «የት ሄደ? ደግሞ ሳይበላ?»

ሳህኖቹን ተቀብያት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ቁጭ በይ እማዬ» አልኳትና ከ13ኛው ቀን ጀምሬ ነገርኳት።